ንቧን አቁሞ ማየት

ጎመን ሳይቀነጠስ ሲቆይ ያብባል። ከጓሮዬ ጥግ የተረሳው ጎመን ቢጫ አበባውን ሲያፈካ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ንቦች ይሰፍሩበታል። ከመካከላቸው አንዷን ቀረብ ብሎ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሞከረ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ንብ አትቆምም። አረፈች ሲሉ ወደ ቀጣዩ አበባ ትሻገራለች። ነፋሱ አገዳውን ያወዛውዘዋል። የፎቶ አንሺው ትንፋሽ እንኳ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል።

ጊዜው የፊልም ካሜራ ዘመን ነበር። በአንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ይነሳል፤ እኔም ፊልሙን በብዥታ መጨረስ አንገሸገሸኝ። ስለዚህ አንዲት ቢራቢሮ በብርጭቆ ከድኜ ያዝኩና ፍሪጅ ውስጥ አስገባኋት። ብርድ እንደሚያደነዝዛቸው ሰምቼ ነበር። ጥቂት ቆይቼ አወጣኋትና ጽጌረዳ ላይ አስቀምጬ እንደ ልቤ አነሳኋት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጥርት ያለ ነበር። ትንሿ ልጄ ግን አገላብጣ አየችውና «አባዬ፣ ይህቺ ቢራቢሮ አሟት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጣቶቼ ላይ የቀረው ብናኝም ተራ አቧራ እንዳልነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። የቢራቢሮ ክንፍ ቀለሙን የሚያገኘው ከጥቃቅን ቅርፊቶች ነው፤ አንዴ ከረገፉ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም።

ያ ጥያቄ ነው ታሪኩን እንዳገላብጥ ያደረገኝ። ሳገላብጥም ጥያቄው ከእኔ ጓሮ እጅግ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ትንሿን ፍጥረት ቀርቦ ለማየት ሲል እንድትቆምለት ይጠይቃታል። መቆም ማለት ደግሞ ለብዙ ዘመን መሞት ማለት ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካሜራ መፈልሰፍ በፊት እንጀምር። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ነገሮች በሥዕል ያቀረበበትን «ማይክሮግራፊያ» የተሰኘ መጽሐፍ በ1665 አሳተመ። ጉንዳን ሊሥል ሲነሳ አልቆም አለችው። እግሯን በሰም ሲያጣብቀው ተወራጨች። ገድሎ እንዳይሥላት ሰውነቷ ወዲያው ይጨማደዳል። በመጨረሻ ያገኘው ዘዴ ጉንዳኗን በአልኮል ማስከር ነበር። ሰክራ በተዘረረችበት ሣላት፤ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላም ነቅታ ሮጠች። ሁክ ሥዕሉን አገኘ፣ ጉንዳኗም ነፍሷን አተረፈች። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ይህን ያህል አልተቸገሩም።

ካሜራ ሲመጣ ችግሩ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ምክንያቱ የብርሃን ጠባይ ነው። ንቧን በተፈጥሮ መጠኗ ፊልም ላይ ለማሳረፍ ሌንሱን ከፊልሙ ማራቅ የግድ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። አሥር እጥፍ ላጉላ ላለ ሰው ደግሞ ብርሃኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሳሳል። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረጅም ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ሁሉ ንቧ መንቀሳቀስ የለባትም።

የዚህ ሁሉ ማሳያ የሚሆኑ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ዴቪድ ፌርቻይልድ በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከዓለም ዙሪያ እህልና ፍራፍሬ እየሰበሰበ ወደ አገሩ ያስገባ የነበረ የዕፅዋት ሊቅ ነው። ሚስቱ ማሪያን የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ልጅ ናት። ከዋሽንግተን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሜሪላንድ ቤታቸው ግቢ የሚያገኟቸውን ፌንጣ፣ ሸረሪት፣ ንብና ቢራቢሮ እያጎሉ ያነሱ ነበር። ካሜራቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ፎቶዎቹ በ1913 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ፤ በ1914ም «የጭራቆች መጽሐፍ» የሚል ርዕስ ተሰጥቷቸው ታተሙ።

መጽሐፉን ያየ ሰው ይደነግጣል። በእግራችን የምንረግጣት ፌንጣ እንደ ፈረስ ፊቷን አቅንታ ታይዎታለች። ነገር ግን ፌርቻይልድ ፌንጣዋን መጀመሪያ ይገድላታል፤ ከዚያም በሕይወት ያለች እንድትመስል እግሮቿን አስተካክሎ በሰም ያቆማታል። ሁክ ሞክሮ የተወውን ሰም እዚህ ላይ እንደገና አገኘነው። ሰውዬው ጨካኝ ስለነበረ አይመስለኝም። ዓላማው ሰዎች ጓሯቸውን በአክብሮት እንዲያዩ ነበር። በዚያ ብርሃንና በዚያ ካሜራ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ደግነቱ ሌላው መንገድ በዚያው ዘመን መጠረግ ጀምሮ ነበር። በ1904 ፓሪስ ውስጥ ሉሲየን ቡል የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየታገዘ፣ በሕይወት ያሉ ነፍሳትን በበረራ ላይ ሳሉ አነሳ። ምስሎቹ ጥላ ብቻ ነበሩ። የፌርቻይልድ ሬሳዎች መልክ ነበራቸው፣ ሕይወት ግን አልነበራቸውም፤ የቡል ጥላዎች ሕይወት ነበራቸው፣ መልክ ግን አልነበራቸውም። ሁለቱን ለማገናኘት አሥርተ ዓመታት ፈጀ። በ1931 ሃሮልድ ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ ብልጭታን ለፎቶግራፍ እንዲመች አድርጎ ሠራ። በ1936 ኤክሳክታ የተባለው የጀርመን ትንሽ ካሜራ ፎቶ አንሺው በራሱ በሌንሱ በኩል እያየ እንዲያነሳ አስቻለው። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ስቲፈን ዳልተን ብልጭታውን ወደ ሃያ አምስት ሺህኛ የሴኮንድ ክፍልፋይ አሳጠረው፤ የብርሃን ጨረር የምታቋርጠው በራሪ ራሷ ካሜራውን እንድታስነሳም አደረገ። ንብ በአንድ ሴኮንድ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ክንፏን ታርገበግባለች። እነሆ ያ ክንፍ፣ ንቧ ሳትሞት፣ ሳትሰክርም፣ አየር ላይ ቆሞ ታየ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በጣም ቀርበው ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ዐይኗ ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። ዛሬ ብዙ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ደራርቦ ሁሉንም ማጥራት ተችሏል። በ2016 ሌቮን ቢስ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሳያቸው ግዙፍ ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ከስምንት ሺህ በላይ ምስሎች የተደራረቡባቸው ናቸው። ስምንት ሺህ ጊዜ ሳትነቃነቅ የምትጠብቅ ቢራቢሮ ግን የለችም፤ የተነሱት ከሙዚየሙ መሳቢያ የወጡ ደረቅ ናሙናዎች ነበሩ። መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ያው «ቁሚልኝ» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል ማለት ነው።

ታዲያ በጓሮ ላለን ሰዎች ምን ቀረልን? ለእኔ መልሱ የተገኘው ከማለዳው ነው። ቢራቢሮ ሰውነቷን በፀሐይ ሳታሞቅ መብረር አትችልም። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ብርዳም ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ጓሮ ብትወጡ፣ ክንፏን አጥፋ ጤዛ እንዳዘለች ቅጠል ሥር ታገኟታላችሁ። ፀሐይዋ እስክትደርስባት ድረስ ጊዜው የእናንተ ነው። በፍሪጅ የፈለግሁትን ብርድ ሌሊቱ በነጻ ይሰጠኝ ኖሯል፤ ያጣሁት ትዕግሥት ብቻ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ!

ቋንቋችን እነዚህን ፍጥረታት «ነፍሳት» ይላቸዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው የኖርኩትን ቃል በቅጡ ያሰብኩበት ከዚያች ፎቶ በኋላ ነው። ፎቶዋ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ጥርት ብላ። ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ግን ሌላ ነው፤ ልጄ አድጋ በስልኳ ያነሳችው፣ ጎመኑ አበባ ላይ የነበረች ንብ። ጥቂት ደብዝዟል። ንቧ ለመነሳት ክንፏን ዘርግታ ነበር።