ዝርዝሩ ድፍን ሲሆን
የአነስተኛ ገንዘብ ታሪክ ከይፋግ ገበያ እስከ ወረታ

በገበያ ቋንቋ ገንዘብ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ «ድፍን»፣ ሌላው «ዝርዝር» ይባላል። በሒሳብ መዝገብ ላይ መቶ ባለ አንድ ብር ሳንቲሞችና አንድ ባለ መቶ ብር ኖት እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚጻፍበት ዓምድ የለም። መዝገቡን ትቶ ወደ ገበያ ለሚወጣ ሰው ግን ሁለቱ እኩል የሆኑበት ዘመን እምብዛም አይገኝም። ዝርዝሩን ወደ ድፍን፣ ድፍኑንም ወደ ዝርዝር የሚለውጥ ሰው ዘወትር አንድ ዋጋ ይከፍላል። ወይ ከገንዘቡ ላይ ይቀነስበታል፣ ወይ ጊዜውንና ጉልበቱን ይሰጣል፣ ወይም እምነቱን በሌላ ሰው እጅ ያኖራል። ይህን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ጥቂት በጥቂት የሚያጠራቅመው ድኻ ነው። ዋጋው ምን እንደ ነበረ፣ ማን ይወስደው እንደ ነበረና በምን እንደ ቀነሰ ለመከታተል የፎገራ ሜዳ የተመቸ ሥፍራ ነው።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ ረባዳ አገር ሲሆን፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ይተኙበታል። ስሙ በከብት ዝርያው፣ ኋላም በሩዙ ታውቋል። የወረዳው ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወረታ የመንገድ ከተማ ሆና ከመታወቋ በፊት ግን የአካባቢው ገንዘብ የሚገናኘው ከዚያ በስተሰሜን ባለው በይፋግ ነበር።

የጨው ምንዛሪ

ይፋግ ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበትና ቀረጥ የሚከፍልበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከአፋር ረባዳ እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ ጨው በትግራይና በሰቆጣ በኩል በግመል፣ በበቅሎና በአህያ እየተጫነ ወደ ቤጌምድር ይገባ ነበር። በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ጠገራ ብር ይቆጥራል፤ ዶሮ፣ በርበሬ ወይም ጥቂት እህል ለሚገዛ ሰው ግን ጠገራ ብር እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የብሩ ዝርዝር አሞሌው ነበር።

ይህ ዝርዝር የራሱ ጠባይ ነበረው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል ማየቱንና ከመገኛው በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ እያለ መሄዱን ጽፎአል። በኋላ ዘመንም በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር ከጨዉ ሥፍራ ሲርቁ ያንስ ነበር። እንግዲህ የአሞሌና የብር ምንዛሪ በአዋጅ የተወሰነ ሳይሆን በመንገዱ ርዝመት፣ በቀረጡ ብዛትና በወቅቱ ጸጥታ የሚለዋወጥ ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው ከአገር አገር የሚዞረው ነጋዴ ሲሆን፣ ገበሬው የሚያውቀው የዚያን ቀን የሰማውን ብቻ ነው።

አሞሌ ለሚያጠራቅም ሰው ሌሎች ጠላቶችም ነበሩበት። የተሰበረ አሞሌ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ የራሰም ይሟሟል። እንደ ፎገራ ባለ፣ ክረምት ሙሉ ውሃ በሚተኛበት አገር፣ ጨው ከምድጃ አጠገብ ካልተቀመጠ በቀር እስከ መስከረም መቆየቱ ያጠራጥራል። ከዚህም በላይ የቸገረው ቤተሰብ ገንዘቡን ቀርፎ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ስለሆነም ያጠራቀመ ሰው ዝናብ ሳይገባ አሞሌውን ወደ ብር ለመለወጥ ቢቸኩል የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚቸኩል ሻጭ ደግሞ በየትም አገር ቅናሽ ይቀበላል።

ጠገራ ብርና ጊርሽ

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የተባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ መታተሙ ቀጥሎአል። የኢትዮጵያ ነጋዴ የንግሥቲቱን ዘውድ ፈርጦችና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣቦች እየቆጠረ ይቀበል ነበር፤ ያለቀውን፣ የተበሳውን ወይም ጠርዙ የተነካውን አልቀበልም ይል ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ድፍን ብር የለወጠው ገበሬ ችግሩ በዚያ አላበቃም፤ ድፍኑም ቢሆን ቀጣዩ ሰው እስኪቀበለው ድረስ ድፍን መሆኑ የተረጋገጠ አልነበረም። ብዙዎች ብሩን ለአንጥረኛ ሰጥተው መስቀል ወይም የአንገት ጌጥ ማሠራታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ጌጡ በሰርግ ቀን ክብር፣ በክፉ ቀን ደግሞ የሚሸጥ ንብረት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የአገሪቱ የራስዋ ገንዘብ እንዲታተም ሲያውጁ ትልቁ ጉዳይ ይኸው የዝርዝር ችግር ነበር። በፓሪስ የታተመው ገንዘብ ከድፍኑ ብር ሌላ ዓላድ የተባለውን ግማሽ፣ ሩብን፣ ተሙን የተባለውን ስምንተኛ እጅና ጊርሽን የያዘ ነበር። ጊርሹ መጀመሪያ የብሩ ሃያኛ እጅ ሲሆን፣ ቆይቶ በአሥራ ስድስት ተቆጥሮአል። ይሁን እንጂ አዲሱ ገንዘብ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ርቆ በሚገባ አልተስፋፋም። በየገጠሩ አሞሌ ሥራውን ቀጠለ፤ የጠመንጃ ጥይት እንኳ እንደ ዝርዝር ሲከፈል የታየበት ዘመን ነበር።

የዚህን ምክንያት በሕዝቡ ለአዲስ ነገር ቸልተኛነት ብቻ ማሳበብ ትክክል አይመስልም። ጨው ማንም ባይቀበለው ይበላል፤ ጥይት ይተኮሳል፤ ጠገራ ብር ይቀልጣል። ጊርሽ ግን ዋጋ የሚኖረው በሚፈለግበት ጊዜ ሳይጎድል ወደ ብር የሚመልሰው ሰው ሲኖር ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ይህን በር ከፈተ፤ ከፎገራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጎዳና በእግርና በበቅሎ ለሚቆጥር ገበሬ ግን በሩ እጅግ ሩቅ ነበር። በኢትዮጵያ ባንክ ዘመን የወጡት፣ 1923 ዓ.ም. የተጻፈባቸው፣ መቶው አንድ ብር የሚሞላ የመቶኛ ገንዘቦችም ገና ሥር ሳይሰዱ የጣሊያን ወረራ ደረሰ።

የሐምሌ 16 ገንዘብ

ከነፃነት መመለስ በኋላ በገበያው ጠገራ ብር፣ ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተደበላልቀው ይገኙ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ በመቶ ሳንቲም የተከፈለው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። 1936 ዓ.ም. የሚል ከተጻፈባቸው ሳንቲሞች የአንድ፣ የአምስት፣ የአሥርና የሃያ አምስቱ ከመዳብ፣ የሃምሳው ግን ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነበር፤ ብሩም ከአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ እርዳታ ስም የተገኘ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጠገራ ብሩን አስረክቦ ወረቀት እንዲቀበል ለተጠየቀ ሕዝብ በእጁ የሚመዝነው፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን የሚሰማው ነገር ማሳየት ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ገንዘብ የደረሰ አንድ ጉዳይ የዝርዝርን ባሕርይ በሚገባ ያስረዳል። ባለ ሃያ አምስቱ የመዳብ ሳንቲም በመጀመሪያ ክብ ሆኖ መጠኑም ከባለ ሃምሳው ጋር ይቀራረብ ነበር። አታላዮች መዳቡን ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ ያሳልፉት ጀመር። በዚህም ምክንያት በ1940ዎቹ አጋማሽ የሳንቲሙ ጠርዝ ወጣ ገባ እንዲሆን ተደረገ፤ ማንበብ የማይችል፣ በጨለማም የሚቀበል ሰው በጣቱ ዳሶ እንዲለየው ሆነ። ባለሥልጣኖቹ ያሻሻሉት አንድ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለትንሹ ሰው ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ የጠቀመው ይህ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች ሲወጡ በአንዱ ሳንቲም ላይ የሚያርስ ገበሬ፣ በአሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን ተቀረጸ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ዓይነት ብረት የተሠራው ባለ አንድ ብር ሳንቲም ወጥቶ፣ ቀድሞ ድፍን ይባል የነበረው አንድ ብር ራሱ ወደ ዝርዝር ወረደ።

ከሙዳይ እስከ መስኮት

የተጠራቀመ ሳንቲም ወደ ድፍን ብር የሚለወጥባቸው መንገዶች በወረታም ሆነ በሌላው ከተማ ጥቂቶች ናቸው። የመጀመሪያው ዝርዝር ለሚያስፈልገው ሰው መስጠት ነው። በአዲስ አበባ የታክሲ ረዳቶች ለመንገደኛ መልስ የሚሆን ሳንቲም ከመንገድ ዳር ዘርዛሪዎች ሲገዙ፣ ከአሥር ብር ላይ እስከ አንድ ብር ሲቀነስባቸው ኖሮአል። በበዓል ቀንም ነድያንን ለመዘከር ለሚመጣ ምእመን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም የሚሸጡ ነበሩ። በአሜሪካ የገበያ አዳራሾች የቆሙ የሳንቲም መቁጠሪያ መኪናዎች በተቃራኒው ሳንቲም ይዞ ከሚመጣው ሰው ላይ ከአሥር በመቶ በላይ ያስቀራሉ። በአንዱ አገር ሳንቲም የያዘ ያተርፋል፣ በሌላው ይከስራል። ስለዚህ የዝርዝር ዋጋ በላዩ ከተጻፈው ቁጥር ሌላ በሚፈለግበት ቦታ ይወሰናል፤ ሳንቲም ያጠራቀመች እናት ይህን ካወቀች ሳንቲሟን የምትወስደው ወደ መናኸሪያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዕቁብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ስለ ዕቁብ የተነገረ ይመስላል። ሃያ የጉልት ነጋዴዎች በየሳምንቱ አምስት አምስት ብር ቢያዋጡ፣ በየሳምንቱ ለአንዷ መቶ ብር ድፍን ሆኖ ይደርሳታል። ዳኛው ይጠብቃል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዕጣ የወጣላት ዋስ ትጠራለች፤ ለምንዛሪ የሚቀነስ ነገር የለም። ቢሆንም የተሰወረ ዋጋ አለው። ዕጣው መጀመሪያ የወጣላት ያለ ወለድ ትበደራለች፤ መጨረሻ የሚደርሳት ግን ያለ ወለድ ስታበድር ከርማ፣ ዕቃው በተወደደ ጊዜ ያንኑ መቶ ብር ትቀበላለች።

ሦስተኛው የባንክ መስኮት ነው። በዚህ ምንዛሪ ሳይጎድል ይከፈላል፤ ዋጋው ሰልፉና ቆጠራው ነው። ከአፉ የተደፈነ፣ ጠባብ ቀዳዳ ካለው የሸክላ ሙዳይ የወጣ ሳንቲም በየዓይነቱ ተለይቶ፣ በየመቶው ተቆጥሮ፣ በከረጢት ታስሮ መቅረብ አለበት። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈትም ቆጣሪዎቹ የሚደክሙት በዚሁ ነው። ሳንቲም የያዘ ደንበኛ በሥራ ብዛት ምክንያት «ሌላ ቀን ተመለስ» ከተባለ፣ በአዋጅ ሙሉ የሆነው ገንዘብ በተግባር ጎደለ ማለት ነው።

ሩዝና ጎርፍ

ወረታን የዛሬይቱ ወረታ ያደረጓት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1970ዎቹ ዓመታት በሜዳው የተጀመረው የሩዝ እርሻ ነው። የመፈልፈያ ወፍጮዎች ተተከሉ፤ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በከተማዋ ተቋቋመ። ለገበሬ ቅርብ የሆነ የቁጠባ በር ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከፈተ፤ ተቋሙ ኋላ ፀደይ ባንክ ሆኖአል።

ይህ በር ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለት አጋጣሚዎች አሳይተዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ የደረሰው ጎርፍ የፎገራን ቤቶች ሲያጥለቀልቅ፣ ሳንቲም ከጭቃ ውስጥ ታጥቦ ይወጣል፤ ወረቀት ግን እንደ አሞሌው ውሃ ይፈራል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች እንዲለወጡ፣ አዲስ ባለ ሁለት መቶ ብርም እንዲወጣ ሲታወጅ፣ ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። አዋጁ ሳንቲምን አልነካም። በዚህም አንድ እንግዳ ነገር ታየ፤ በትጋት ሳንቲሟን ወደ ድፍን ለውጣ ኖቱን ከሣጥን ሥር ያኖረች ሴት በቀነ ገደብ ስትሮጥ፣ ሳንቲሟን በሙዳይ የተወችው ጎረቤቷ ምንም አልነካትም። ከባንክ ደብተር ላይ የተጻፈላት ግን ከሁለቱም ይልቅ አርፋ ተኝታለች።

ዛሬ ከብር በታች ያሉት ሳንቲሞች በኑሮ ውድነት ምክንያት ከገበያ ሊጠፉ ጥቂት ቀርቶአቸዋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ቴሌብር ደግሞ ሒሳብን ያለ መልስ እስከ ሳንቲሙ ይከፍላል። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብን ወደ ስልክ ለማስገባት አሁንም ወኪል ያስፈልጋል፤ ወኪሉም ከመንዛሪው ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ከአሞሌ እስከ ስልክ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ተለውጦአል። ያልተለወጠው ከዝርዝሩና ከድፍኑ መካከል የሚቆመው ሰው ነው። የፎገራ ገበሬ ስለ ገንዘብ የሚያምነውን ወይም የማያምነውን የተማረው፣ ያ ሰው ቆጥሮ ከመለሰለት ነው።