የባልጩት ጠመንጃና የባሩድ ምርጫ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ጠመንጃው አሠራር፣ ስለ ቱቦው ርዝመትና ስለ አንጥረኛው ጥበብ በሰፊው ይተርካሉ፤ ወደ ባሩዱ ሲደርሱ ግን በአንድ ወይም በሁለት መስመር ያልፉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ የባልጩት ጠመንጃ ከመቶ ዓመት በላይ የአውሮፓ ወታደር ዋና መሣሪያ ሆኖ በኖረበት ዘመን፣ የጠመንጃውን መተኰስና መክሸፍ ከሚወስኑት ነገሮች ባሩዱ ከብረቱ የማያንስ ድርሻ እንደ ነበረው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። ከባልጩት ጠመንጃ በፊት የነበረው የፈትል ጠመንጃ ነው። ወታደሩ እየጤሰ የሚነድ ፈትል ይዞ ይዘምታል፤ ቃታውን ሲስብ ፍም የሆነው የፈትሉ ጫፍ ወርዶ ባሩዱን ይነካዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር መልኩን የያዘው የባልጩት ጠመንጃ ግን ፈትል አያሻውም። በመዶሻው ከንፈሮች መካከል የታሰረው ባልጩት ተፈናጥሮ ከፊቱ የቆመውን የብረት መክደኛ ይፍቀዋል፤ መክደኛው ሲገፋ ከሥሩ ያለችው እንደ ማንኪያ የጐደጐደች ሥፍራ ትገለጣለች፤ ብልጭታውም በውስጧ ባለው ጥቂት ባሩድ ላይ ይወድቃል። ይህ መለኰሻ ባሩድ ሲቀጣጠል ነበልባሉ በቱቦው ጐን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያነደዋል፤ አረሩም ተገፍቶ ይወጣል። ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የሚነደው በድንጋዩ ስለት የተላጨው የብረት ቅንጣት ነው።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ፍም ብዙ ሙቀት አለው፤ ባሩዱንም ነክቶ ይቈያል። የብረት ቅንጣት ግን እጅግ ትኵስ ቢሆንም መጠኑ ኢምንት ነው፤ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜም ይጠፋል። ስለዚህ ለፈትል ጠመንጃ መናኛ ባሩድ እንኳ ሊበቃው ሲችል፣ የባልጩት ጠመንጃ በዚያች ቅጽበት እሳቱን የሚቀበል ባሩድ ይፈልጋል።

ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። እንግሊዞች በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወሰኑትና እስከ ዛሬም የሚሠራበት መጠን ከመቶ 75 እጅ የባሩድ ጨው (በኬሚስትሪ ስሙ ፖታሲየም ናይትሬት)፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ነው። ጨው ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ከሰሉ ይነዳል፤ ድኙ ደግሞ ከመንደዱም በላይ ድብልቁ በአነስተኛ ሙቀት እንዲቀጣጠል ያደርጋል። ለባልጩት ብልጭታ የድኙ ሥራ ይህ የመጨረሻው ነው።

ነገር ግን መጠኑ ትክክል ስለ ሆነ ብቻ ባሩዱ መልካም ነው ለማለት አይቻልም። በጥንት ጊዜ ሦስቱን በደረቁ ፈጭተው ይደባልቁ ነበር። እንዲህ ያለው ዱቄት በጋሪ ሲጓዝ እየተንቀጠቀጠ ይለያያል፤ እርጥበትም ቶሎ ይስባል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዱቄቱን አርጥቦ ማቡካት፣ ከዚያም አድርቆ መሰባበርና በወንፊት መንፋት ተለመደ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፍሬ ሦስቱንም በእኩል ይዞ ይቀራል፤ በፍሬዎቹም መካከል ነበልባል የሚሮጥበት ክፍተት ይገኛል። ታዲያ ደቃቁ ቶሎ የሚነድ ከሆነ ለማንኪያዪቱ ዱቄቱ ራሱ አይሻልምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይሻልም፤ ምክንያቱም ዱቄት ሲጠቀጠቅ ክፍተት ስለሌለው እሳቱ ከላይ ወደ ታች እየበላ ይሄዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቦግም፤ በእርጥብ አየርም ወዲያው ይጋገራል። ለመለኰሻ የሚመረጠው ደቃቅ ሆኖ ነገር ግን ፍሬነቱን ያልለቀቀ ባሩድ ነው። ዋናው ባሩድ ግን ሻከር ማለት አለበት፤ በጣም ደቃቅ የሆነ ባሩድ በሰፊ ቱቦ ውስጥ በብዛት ሲነድ ግፊቱ በድንገት ከፍ ይላልና።

የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ይህንኑ ልዩነት በኤፍ ፊደል ያመለክታሉ፤ ኤፍ በበዛ ቍጥር ፍሬው ይደቃል። ሁለት ኤፍ ለሰፊ ቱቦ፣ ሦስት ኤፍ ለጠባብ ቱቦና ለሽጉጥ፣ አራት ኤፍ ለመለኰሻ ነው።

ከሁሉ የከፋው የባልጩት ጠመንጃ ጠላት እርጥበት ነው፤ በዚህም ረገድ ነገሩ ከጦር ሜዳው ወደ ኬሚስትሪ ቤት ይሸጋገራል። ንጹሕ ፖታሲየም ናይትሬት እርጥበት እምብዛም አይስብም። ከአፈርና ከበረት ጉድፍ ታጥቦ የሚወጣው ጨው ግን የገበታ ጨውና የካልሲየም ናይትሬት ቅልቅል አለበት፤ እነዚህ ናቸው ከአየር ውሃ የሚስቡት። ስለዚህ ጨዉን ደጋግሞ ማንጠር ማለት ከወታደሩ እጅ ላይ የሚከሽፈውን ጠመንጃ መቀነስ ማለት ነው። ፈረንሳይ በ1775 የባሩድ ሥራዋን በመንግሥት እጅ አድርጋ ከአራቱ ኃላፊዎች አንዱን ታላቁን ኬሚስት ላቮአዚየን ስትሾም ባሩድዋ በጥራትም በብዛትም ተሻሻለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ጄኔራል ዋሽንግተን በቦስተን ከተማ ፊት ሰፍሮ ሳለ በግምጃ ቤቱ የቀረው ባሩድ 36 በርሜል ብቻ መሆኑን ሰማ፤ ይህም ለአንድ ወታደር ከዘጠኝ ጥይት አይበልጥም ነበር። ኋላም የአሜሪካ ጦር የተዋጋበት ባሩድ አብዛኛው ከፈረንሳይ የመጣ ነው። እንግሊዞችም በበኩላቸው የዎልታም አቢን የባሩድ ፋብሪካ በ1787 ለመንግሥት ገዙ፤ የላንዳፉ ጳጳስ ዋትሰን፣ ቀድሞ በኬምብሪጅ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት፣ ከሰሉ በተዘጋ የብረት ገንቦ ውስጥ እንዲከስል ባመለከቱት ምክር መሠረት የባሩዱ ኀይል ጨመረ። አንድ ጳጳስ የጠመንጃ ባሩድ ማሻሻላቸው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል።

የባሩድ ዐዋቂው ሁለት ዐይነት ይምረጥ ቢልም፣ የጦሩ ሹም ግን የሚያስበው ስለ ፍጥነት ነው። የእንግሊዝ እግረኛ በወረቀት የተጠቀለለውን ጥይት በጥርሱ ይቀድና ከዚያው ጥቂት በማንኪያዪቱ አፍስሶ የቀረውን በአፈሙዙ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ባሩድ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለመለኰሻ ሻካራ፣ ለቱቦው ደቃቅ የሆነ መካከለኛ ነገር ማለት ነው። በ1800 ጠመዝማዛ ቦይ ያለውን የቤከር ጠመንጃ ለያዙት ጥቂት ተኳሾች ግን ባሩድ በቀንድ ይሰጣቸው ነበር፤ ዒላማ መምታት ከእነርሱ ይጠበቅ ነበርና። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት የሚያሳየው ሠራዊቱ ደኅናውን መለኰሻ ሳያውቀው የቀረ አለመሆኑን ነው። ዐውቆ፣ በሰልፍ ፈጥኖ መተኰስ ይበልጣል ብሎ ተወው።

የዚህ ምርጫ ዋጋ በቍጥር የታወቀው በ1834 በዉሊች በተደረገው ሙከራ ነው። ስድስት የባልጩት ጠመንጃዎችና ስድስት የመዳብ ቆብ ጠመንጃዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ጊዜ ተተኰሱ። ከባልጩቶቹ 6,000 ተኵስ 922 ሲከሽፍ፣ ከባለቆቦቹ የከሸፈው 36 ብቻ ነበር። ከሰባት አንድ ጊዜ ያህል የሚከሽፍ መሣሪያ ይዞ ጠላት ፊት መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊገምተው ይችላል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1841፣ በቻይና አገር በካንቶን አጠገብ የ37ኛው የማድራስ እግረኛ ክፍለ ጦር አንድ ሻምበል በከባድ ዝናብ ውስጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ በገበሬዎች ተከበበ። ባሩዱ ስለ ራሰ ጠመንጃዎቹ አልተኰሱም፤ ወታደሮቹም በሳንጃ ብቻ ሲከላከሉ ቈይተው፣ በመጨረሻ ያወጡዋቸው ባለቆብ ጠመንጃ የያዙ የባሕር ወታደሮች ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ቃላቱ ራሳቸው መንገዱን ያመለክታሉ፤ «ባሩድ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የጨው ስም ነበር፤ «ነፍጥ» ደግሞ የሚነድ ዘይት ማለት ነበር። በ1541 ከክርስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የገቡት 400 ፖርቱጋሎች የያዙት የፈትል ጠመንጃ ነበር። ልብ የሚባለው ግን ፈትል በአውሮፓ ከተተወ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በእኛ ዘንድ መኖሩ ነው፤ በ1868 መቅደላ ሲያዝ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት እጅ የተገኙት ባለፈትልና ባለቆብ ጠመንጃዎች ነበሩ። የባልጩት ጠመንጃ ፈጽሞ አልገባም ማለታችን አይደለም። የውጭ አገር ሰዎች ይህን ሲያዩ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ይተረጕሙታል፤ ለእኛ ግን ሌላ ምክንያት ይታየናል። በእጅ የተወቀጠ፣ ጨው በሚገባ ያልነጠረ ባሩድ በብልጭታ አይታመንም፤ በፍም ግን ይነዳል። እንዲህ ያለ ባሩድ የያዘ፣ ክረምቱም የሚበረታበት አገር ነፍጠኛ ፈትሉን አልጥልም ማለቱ ባሩዱን ዐውቆ ነው።