የነጠላ ሐዲድ ሕግ፦ ከአዳማ እስከ ኮምፒውተር ቋንቋ

ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍባት፣ ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ፣ የምድር ባቡር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ መስመር በነጠላ ሐዲድ ያቋርጣት ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመርም ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ፣ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ አንዱ ባቡር እስኪያልፍ ሌላው በጣቢያ ይቆያል፤ ሕጉን አንድ ባቡር ብቻ ቢጥሰው ለሁሉም ጥፋት ነው።

ይኸው ሕግ በኮምፒውተር ሙያም ታሪክ አለው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1960ዎቹ፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ ክሮች በጋራ መረጃ ላይ እንዳይጋጩ የሚያግድ መሣሪያ ሲያበጅ ከባቡር ምልክት ስም ተውሶ «ሴማፎር» አለው። ምልክቱን ማክበር ግን ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ለፕሮግራም ጸሐፊው ጥንቃቄ የተተወ ነበር።

በ2015 የመጀመሪያ ጽኑ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ ይህን ጥንቃቄ ለኮምፓይለሩ አስረከበ። ይሁን እንጂ ኮምፓይለሩ የሚመረምረው በረስት የተጻፈውን ብቻ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሥራ በረስት ሲጠቀለል፣ በብዙ ክሮች ቢነካ እንደማይጎዳ ቃል የሚሰጠው ጠቅላዩ መሐንዲስ ነው፤ ኮምፓይለሩም ያምነዋል።

የዚህ እምነት አደጋ በራሱ በረስት ቤት ታየ። ፕሮግራሞች ከሥርዓቱ የሚቀበሏቸውን የአካባቢ ተለዋዋጮች የሚለውጠው የረስት ተግባር በቁልፍ ስለሚጠበቅ አስተማማኝ ተብሎ ነበር። በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ግን የሲ ቤተ መጻሕፍት ቁልፉን አያውቀውም፤ የአካባቢ ሰዓትን ሲያሰላ የሰዓት ክልሉን ለማወቅ እነዚያኑ ተለዋዋጮች ያነባል። በዚያው ቅጽበት ሌላ ክር ቢለውጣቸው ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። በ2020 ጊዜን በሚያሰሉ የረስት ሥራዎች ላይ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በ2025 በተለቀቀው «የ2024 እትም» ደግሞ ተግባሩ አስተማማኝ ካልሆኑት ተመደበ፤ ኃላፊነቱም በግልጽ ወደ ጠሪው ተመለሰ።

ቁልፉ አልተሰበረም ነበር፤ በሐዲዱ ላይ ቁልፉን የማያውቅ ባቡር ነበረ። ስለዚህ ባዕድ ሥራ የሚጠቀልል መሐንዲስ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት፣ በዚያ ሐዲድ የሚያልፍ ሁሉ ምልክቱን የሚያይ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባዋል። ይህን ማረጋገጥ ካልቻለም ቃሉን አይስጥ፤ የእርሱን ቃል አምኖ የሚሳፈር ሌላ ሰው አለና።