የጤና ሳይንስ ዲግሪ ትምህርት በኢሉ አባቦር

የኡካ ወይም የጎሬ ወጣት በዲግሪ ጤና ሊያጠና ሲነሣ በቅርብ የሚያገኘው መቱ ዩኒቨርሲቲን ነው። ከሦስተኛው ትውልድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በመቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል ይለማመዳሉ። «ካርል» ሰዎች ለሰዎች የተሰኘውን ድርጅት በ1974 ዓ.ም. የመሠረተው ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ነው።

ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን ገጠር ወጥተው እንዲማሩ የማድረጉ ልማድ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተጀመረ፤ ጅማም በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ብሎ አሰፋው። የሙያው እምብርት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን ሲያገኝ የምግብ እጥረት እንዳለበት ለማወቅ የግራ ክንዱን መካከል በባለ ቀለም ጥብጣብ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ጥብጣቡ ከጠበቀ ሥጋውን ይጨምቃል፣ ከላላም ያሳስታል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የአንድን ልጅ ዕጣ ልትለውጥ ትችላለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም እናቲቱ ስለ ልጇ የምትናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋዋን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ፣ ማስታወሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከአንደበቷ ይሰማል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለሥራ ፈቃድ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ይከተላል።