የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታትን ስም ፍለጋ

አያቱን ደብረ ሊባኖስ ላይ ያጣ የሮክቪል ነዋሪ ፍለጋውን ከየት ይጀምር? ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች የተረሸኑትን በድምሩ 449 አደረጋቸው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የዓይን ምስክሮችን ጠይቀው ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳሉ አሉ።

ከሮክቪል ብዙ በማይርቀው የኮሌጅ ፓርክ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የኢጣሊያ ጦር ሰነዶች በማይክሮፊልም ይገኛሉ። በ1928 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተመሠረተው የሲልቪያ ፓንክረስት ጋዜጣም የፋሺስቶችን ግፍ ይዘግብ ነበር። ይሁን እንጂ መነኩሴ ሲመነኩስ ስሙ ይለወጣል፤ በባዕድ ፊደል ሲጻፍ ይዛባል፤ የዘመን አቆጣጠሩም በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያያል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ መዝገብ ከመግለጣችን በፊት የአያታችንን የምንኩስና ስም ከቤተሰብ ሽማግሌዎች እንጠይቅ። ገዳዩ ቁጥሩን አሳንሶ ጽፏል፤ ስማቸውን መመለስ የእኛ ዕዳ ነው።