ጎማን እንደ ሰነድ ማንበብ፤ የቤት መኪና ጎማና ቸርኬ አመራረጥ በጎበሳና በአርሲ ደጋ

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ አንድ ሰነድ ሲቀርብለት አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ከየት መጣ? በምን ቋንቋ ተጻፈ? መቼ ተጻፈ? በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህኑ ጥያቄዎች በብራና ወይም በደብዳቤ ላይ ሳይሆን በቤት መኪና ጎማና ቸርኬ ላይ ልናቀርብ አስበናል።

ለዚህ ያነሣሣን በሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ በጎበሳ የተመለከትነው ነገር ነው። አንድ የኮሮላ ባለቤት ከፋብሪካ የመጡትን ባለ 13 ኢንች የብረት ቸርኬዎች አውልቆ በሚያብለጨልጩ ባለ 15 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ለወጣቸው፤ ለእነርሱም የሚሆኑ ጎማዎች ጨምሮ ገዛ። መኪናው በእርግጥ አማረ። ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ አንዱ ቸርኬ ተሰነጠቀ፤ ጥቂት ቆይቶም ከጎማዎቹ አንዱ ጎኑ ተተርትሮ ፈነዳ። በቸርነቱ ሰው አልተጎዳም። ባለቤቱን ከሁሉ ይልቅ የገረመው የጎማው መፈንዳት ነበር፤ ሲገዛው በጎኑ ላይ 1216 የሚል ቁጥር አይቶ፥ ሻጩም «የ2016 ነው፤ ገና ሁለት ዓመቱ ነው» ብሎት ነበርና። ቁጥሩን ሁለቱም በትክክል አንብበውታል። ስሕተቱ ከሌላ ስፍራ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል እንመለስበታለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልነው የኢትዮጵያን ዘመን፥ «እ.ኤ.አ.» ያልነው የአውሮፓን መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲል እንለምናለን።

፩. የቃላቱ ምስክርነት

አንድ መኪና ሲበላሽ የሚነገረውን ንግግር ያዳመጠ ሰው፥ ሳያውቀው የሃያኛውን መቶ ዓመት ታሪካችንን ያዳምጣል። መኪናውን የሚነዳው ሾፌር ይባላል፤ የሚቆምበትና የሚጠገንበት ስፍራ ጋራዥ ነው። እነዚህ ሁለቱ የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። ፈረንሳይኛ ከጅቡቲ በኩል ከምድር ባቡር ጋር ወደ መካከለኛው አገር ሲዘልቅ የኖረ ቋንቋ ነው፤ ባቡሩም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል።

ወደ መንኰራኵሩ ዝቅ ስንል ግን ቋንቋው ይለወጣል። ጎማ፥ ጎማውን የሚጠግነው ጎሚስታ፥ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ፥ ውስጡ የሚነፋው ከመነዳሪ፥ ለክፉ ቀን የሚያዘው ስኮርታ፥ ቸርኬውን የሚያስረው ቡሎንና ዳዶ፥ እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ በመነሻው «የአየር ክፍል» ማለት ሲሆን፥ ስኮርታ «ተጠባባቂ» ማለት ነው። በጎበሳ አብዛኛው ሰው የሚናገርበት ኦሮምኛም ጎማን ጎማ ይለዋል።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? መኪና ወደ አገራችን የገባው ጥቂቶች የሚነዱት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ዕቃ ሆኖ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መኪና ከባሕር ጠረፍ እየነዳ ማምጣቱ የታወቀ ነው። ከዚያም በፊት ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። እንግዲህ ከሁለቱ መካከል ቀድሞ የመጣው መንኰራኵር የጎማ ሳይሆን የብረት፥ ለመንገደኛ ሳይሆን ለመንገድ ሥራ የታሰበው ነበር። የጎማና የጥገና ሥራ የብዙ ሰው የእጅ ሙያ የሆነው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜና ከእርሱ በኋላ፥ ኢጣልያኖች የከፈቷቸው መንገዶችና ጋራዦች ከተበራከቱ ወዲህ ነው። ሾፌሩ በፈረንሳይኛ፥ ጎሚስታው በኢጣልያንኛ መጠራታቸው ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ያስረዳናል ብለን እናምናለን።

፪. መንገዱ ጎማውን እንደሚመርጥ

በነፋስ የተሞላ ጎማ ራሱ ከመንገድ ችግር የተወለደ ነው። ቶምሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ሐሳቡን አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ተረሳ። ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 እንደ ገና አወጣው። ሚሽሊን ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር በመኪና ላይ ሞከሩት። ዋናው ጥበብ ይህ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። የጎማው ጎን ከፍ ባለ መጠን አየሩ ድንጋይን የሚቀበልበት ስፍራ ይሰፋል።

በአገራችንም መንገድ ሲለወጥ ጎማ አብሮ ተለውጧል። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥራ ከተጀመረ በኋላ ትናንሽ የቤት መኪናዎች እየበዙ ሄዱ። ከእነርሱ አንዷ «ሴቼንቶ» የተባለችው ፊያት 600 ነበረች፤ ቸርኬዋ ባለ 12 ኢንች ነበር። «ቮልስ» የተባለችው ቮልስዋገን ግን በባለ 15 ኢንች ቸርኬ ትሄድ ነበር። የሁለቱ ጎማ ከላይ እስከ ታች ሲለካ የመጀመሪያው ወደ 56 ሳንቲሜትር፥ የሁለተኛው ወደ 66 ሳንቲሜትር ይሆናል። የልዩነቱ እኩሌታ፥ ማለት 5 ሳንቲሜትር ያህል፥ የመንኰራኵሩን እምብርት ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ይህ ለከተማ አስፋልት ትንሽ ነው፤ ለኮረኮንች ግን ብዙ ነው።

በአርሲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፥ ማለት ካዱ፥ ከእርሻው ሥራ ጋር የገጠር መንገድ ይሠራ ነበር፤ በኋላም ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፍቶ አርዱ ተባለ። የእነዚህ መንገዶች ዋና ዓላማ ስንዴና ገብስ በጭነት መኪና ማውጣት ነበር እንጂ የቤት መኪናን ማመቻቸት አልነበረም። የደጋው መሬት በክረምት የሚያሟልጭ፥ መረሬው የሚጣበቅ፥ በበጋ ደግሞ ሹል ድንጋዩ የሚገለጥ ነው። ስለዚህ በጎበሳ የቤት መኪና የያዘ ሰው፥ ለሌላ አገር መንገድ የተሠራችን መኪና በዚህ መንገድ ላይ ያስኬዳል። የጎማው ምርጫ ክብደት የሚያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

፫. የቡሎኖቹ ክብ

ቸርኬ ሲለወጥ አስቀድሞ የሚታየው ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች የሚሠሩት ክብ ነው። ይህም ክብ የራሱ ታሪክ አለው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቶሊያቲ ከተማ የመኪና ፋብሪካ አቆመች፤ ላዳም በፊያት 124 አምሳል እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ተሠራች። ስለዚህ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና የገባችው ላዳ፥ የሞስኮ ወዳጅነት ያመጣት ብትሆንም፥ በመንኰራኵሯ ግን ኢጣልያዊት ነች፤ አራቱ ቀዳዳዎቿ በ98 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው። በኋላ እግሯ የምትሄደው የድሮ ኮሮላ ክብ 114.3 ሚሊሜትር ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በፊት እግሯ የምትሄደው ኮሮላ ለብዙ ጊዜ 100 ሚሊሜትር ሆኖ ቆይቷል።

እንግዲህ በላዳና በኋለኛዋ ኮሮላ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዓይን አይለየውም። የአንዱን ቸርኬ ለሌላው በግድ ማሰር ይቻል ይመስላል፤ ዳዶው ግን በቦታው አይቀመጥም፤ እየላላ ይሄዳል፤ ፍጻሜውም መንኰራኵር ከመኪናው ተለይቶ መሄድ ነው። ደግሞም የብረት ቸርኬ ዳዶና ለአሉሚኒየም የተሠራ ዳዶ መቀመጫቸው ሊለያይ ስለሚችል፥ ቸርኬ የለወጠ ሰው ዳዶውንም መመርመር አለበት። ስለዚህ አሮጌ ቸርኬ ከተራገፈ መኪና የሚገዛ ሰው የመጣበትን መኪና መጠየቁ፥ የታሪክ ተማሪ የሰነዱን መገኛ እንደሚጠይቀው ያለ ነው።

፬. ብረትና አሉሚኒየም

አሉሚኒየም ቸርኬ ለጌጥ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስለን። ቡጋቲ እ.ኤ.አ. በ1924 በውድድር መኪናው ላይ ያደረገው ክብደት ለመቀነስና የፍሬኑን ሙቀት ለማስወገድ ነው። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ዘወትር ለሚመላለስ ሰው ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጥያቄው «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ሳይሆን «ለየትኛው መንገድ?» የሚል ነው።

የጎበሳውን ሰው ሒሳብ እንመልከት። የቀድሞው ጎማ በጎኑ 155/80 አር 13 ይላል። 155 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ይነግራል፤ 13 ቸርኬው በኢንች ነው። አር የሚለው ፊደል ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 ያስመዘገበው፥ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን በቀጥታ የሚያልፉበት የራዲያል አሠራር ምልክት ነው። የ155 ሰማንያ በመቶ 124 ሚሊሜትር ነው። በሁለት ተባዝቶ 13 ኢንች፥ ማለት 330 ሚሊሜትር፥ ሲጨመርበት ጠቅላላ ቁመቱ 578 ሚሊሜትር ይሆናል።

አዲሱ 195/50 አር 15 ነበር። የጎኑ ቁመት 97.5 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ጠቅላላው 576 ይደርሳል። በውጭ ሲታይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የፍጥነት መለኪያውም አይሳሳትም። ነገር ግን በድንጋዩና በቸርኬው መካከል የነበረው ከለላ በ26.5 ሚሊሜትር፥ ማለት ከአምስት እጅ ከአንድ እጅ በላይ፥ ቀንሷል። ያብለጨለጨው ቸርኬ የሰፋው ከዚህ ከለላ ተወስዶ ነው። ድንጋይ ሲመታው የብረት ቸርኬ ይጎብጣል፤ ጎሚስታውም በመዶሻ ያቀናዋል። አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን የሚጠግን ሙያና መሣሪያ በየከተማው አይገኝም። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ደግሞ አየሩን የሚይዘው ከቸርኬው ጋር በመጣበቅ ስለ ሆነ፥ ቸርኬው ሲሰነጠቅ ጎማው ምንም ሳይሆን አየሩ ያልቃል።

ሰውየው መሬት የሚይዝ ሰፋ ያለ ጎማ መፈለጉ ስሕተት አልነበረም። በዚያው በብረት ቸርኬ ላይ 175/70 አር 13 ቢያደርግ ኖሮ ስፋቱ በ20 ሚሊሜትር ሲጨምር የጎኑ ቁመት 122.5 ሆኖ የሚጎድለው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያገራችን ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

፭. የዘመኑ ቁጥር

አሁን ወደ 1216 እንመለስ። በአሜሪካ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት በኋላ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ፥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አራት አኃዝ ይታተማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 1216 ማለት እንግዲህ የ2016 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ግን የማን 2016? የፋብሪካው ነው እንጂ የእኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2016 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው። ሰውየው የሁለት ዓመት ጎማ ገዛሁ ሲል የአሥር ዓመት ጎማ ገዝቷል።

ይህ የቀን አቆጣጠር ጨዋታ አይደለም። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል፤ አየር፥ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይሰነጣጠቃል። ታላላቅ ጎማ ሠሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥርሱ ቢኖርም እንዲጣል ይመክራሉ። አሮጌ ጎማ ለበረባሶ ጫማ ያገለግላል፤ ቤተሰብ ለተሳፈረበት መኪና ግን አያገለግልም። በየንግድ ቤታችን በሁለት አቆጣጠር የምንጽፍ ሕዝብ ስለ ሆንን፥ ይህ ስሕተት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛን ያገኘናል። ስለዚህ ገዢ ከቁጥሩ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ያንብብ እንላለን።

ማጠቃለያ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ አስቀድመው የገቡት ኮሮላዎች በየገጠር ከተማው ለረጅም ጊዜ ማገልገላቸው አይቀርም፤ ጎማና ቸርኬያቸውም ደጋግሞ ይለወጣል። እያንዳንዱ ለውጥ ከላይ ያየናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ቸርኬው ከየትኛው መኪና መጣ? በጎማው ጎን የተጻፈው ልክ ምን ይላል? ዘመኑስ የማን ነው?

ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ የየከተማቸውን ጎሚስታ ቃላትና ልማድ ጽፈው ቢያመጡልን፥ በቤተ መዛግብት የማይገኝ ታሪክ ይሰበሰባል። የጎበሳው ሰው ግን ጥናታችንን አልጠበቀም። አሮጌዎቹን የብረት ቸርኬዎች ከቤቱ ጓዳ አውጥቶ ወደ ጎሚስታው ወሰዳቸው፤ አንዱ ጎብጦ ስለ ነበር በመዶሻ ተቃንቶለት፥ በእነርሱ ላይ ባለ 13 ኢንች ጎማ አስገጥሞ መንገዱን ቀጥሏል።