መነሣት የተሳነው ፕሮግራም፦ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የጽሕፈት ቤቶች ታሪክ

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ባለጉዳይ፣ ውል የሚያስተይበው ነጋዴና የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘው ተማሪ ተራ የሚጠብቁባቸው የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች የታይፕ መኪናን በኮምፒውተር በተኩበት ዘመን፣ ከአዲሱ መሣሪያ በረከት ጋር አዲስ መከራም አብሮ ገባ። የታይፕ መኪና ሲሰበር ጉዳቱ በዓይን ይታይ ነበር፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ገና ሲከፈት ቢሰናከል ምክንያቱን ሳይገልጽ ይቀር ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ለሰው ይበጅ እንደ ሆነ እንጂ ለፕሮግራም አይበጅም።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትሙ የግዕዝን ፊደል ከመቀበሉ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሕፈት ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ፣ የኪቦርዱን ምት ወደ ፊደል በሚለውጡ ፕሮግራሞች ላይ ተመሥርቶ ኖረ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ያለ አንዳች ማስታወቂያ ሳይነሣ ሲቀር፣ ጸሐፊው በአማርኛ የመታው ሁሉ በገጹ ላይ ላቲን ሆኖ ይወጣል። በእነዚህ ከተሞች ችግሩ እጥፍ ነበር፤ የአካባቢው ቋንቋዎች ሀዲይኛና ከምባትኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ሲጻፉ የደቡብ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበረ፣ በአንድ ቀን ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚመላለሰው ጸሐፊ፣ ስሕተቱ ከእጁ ይሁን ከፕሮግራሙ በቶሎ ሊለይ አይችልም ነበር።

የመብራት መጥፋትም ነበር። በ2001 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይታደል በነበረበት ጊዜ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ የሌለው ቤት ሥራው በድንገት ይቋረጥበት ነበር፤ ፕሮግራሙ የራሱን ቅንብር በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበትም፣ በግማሽ የቀረው ፋይል ለሚቀጥለው መነሻ ዕንቅፋት ይሆናል። የማይክሮሶፍት ወርድ ኖርማል የተባለ አብነት ፋይል ሲበላሽ ወርድ አልከፈት ይል እንደ ነበር፣ ሌላውም ፕሮግራም እንዲሁ ነው። የተለመደው መድኀኒት ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ነበር፤ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ የሰው ማስረጃም በዚያው ይጠፋ ነበር።

የሙያው ሊቃውንት በሌላው ዓለም ይህንኑ ፈተና አይተው ሥርዓት ሠርተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 መነሣት ሲሳነው፣ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ብቻ ይዞ በሴፍ ሞድ ይከፈት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኦፊስ ኤክስፒም ይህንን መንገድ ወደ ወርድና ወደ መሰሎቹ አምጥቶ፣ በድንገት የተቋረጠውን ሰነድ መልሶ የማቅረብን ልማድ አጸና። መርሑ ግልጽ ነው፦ አስተዋይ ፕሮግራም አዲሱን ቅንብር በተለየ ፋይል ጽፎ ከፈጸመ በኋላ ብቻ የአሮጌውን ስም ያወርሰዋል፤ የተበላሸ ቅንብር ሲያገኝ ሳይደመስስ ወደ ጎን አኑሮ በመነሻው ቅንብር ይከፈታል፤ የጎደለውን ፋይል በስሙ ጠርቶ ያስታውቃል፤ የሆነውን ሁሉ ጠጋኙ በሚያገኘው መዝገብ ይጽፋል፤ የባለቤቱን ሰነድ ግን ፈጽሞ አይነካም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ በውስጡ ይዞ በመምጣቱ፣ ከአሮጌው መከራ አንዱ ክፍል ቀለለ። የቀረው የሰው ድርሻ ነው። በ2004 ዓ.ም. በሆሳዕና ማስተማር በጀመረው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተርን የምታጠኑ ወጣቶች ሆይ፣ ፕሮግራማችሁ ሲሠራ የሚያሳየውን ውበት ከማሰባችሁ በፊት፣ መነሣት ሲሳነው የሚናገረውን ቃል አስቡ፤ ቃሉም ባለጉዳዩ በሚሰማው ልሳን፣ በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ፣ ይጻፍ። የሰው ጽሑፍ አደራ ነውና፣ በአደራው ላይ የሚደርሰውን ለባለቤቱ በጊዜው መንገር የሙያው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።